ሦስት ቦታ የተያዘ ምሳ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የእህቴ በር ተንኳኳ። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ፤ እህቴ ትንሽ ድስት ጥዳ በአንድ እጇ እያማሰለች በሌላው ፀጉሯን ለማሰር ትታገላለች። ስትከፍት የሰማያዊው በር ምግብ ቤት ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ቆመዋል። "የኔ ልጅ፣ ሱቅሽ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች አውሺኝ፤ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ተማሪ ይመጣልኛል" አሏት። እህቴ የልብስ ስፌት ሱቋን ቁልፍ ሰጠቻቸውና "እሷን ያመስግኗት" ብላ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች። ሴትዮዋ መርቀውኝ ሄዱ። በሩ ገና ሳይዘጋ ጋሼ ቀስበል መጣ። ጋሼ ቀስበል ፎቅ ላይ ያለውን ምግብ ቤት የያዘው ሰውዬ ነው፤ ስሙን ሰፈሩ ያወጣለት፣ ቸኩሎ የሚገባውን ደንበኛ ሁሉ "ቀስ በል፣ የሚያባርርህ የለም" ስለሚል ነው። "ጠርዛቸውን እንድትሰፊልኝ የሰጠሁሽ የጠረጴዛ ልብሶች ደረሱ ወይ?" አለ፣ ደረጃው አድክሞት በየቃሉ መሀል እያረፈ፤ "ሠላሳ ስድስት ልጅ... ምሳ... ይበላብኛል።" እሱን ሸኝታ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ሁለት ወር ያልሞላው የጓሮው ምግብ ቤት ባለቤት፣ ወጣቷ፣ ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ለኔም ይሰማኛል፦ "እታለም፣ ከሠላሳ ስድስቱ ልጆች ስኳር የማይስማማው ይኖር ይሆን ብለሽ እህትሽን ጠይቂልኝ፤ ልጋግር ነው።"

እህቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማማሰያውን ይዛ ወደኔ ዞረች። "እትዬ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ "ዛሬ ወደዚህ ከተማ ስንት ሠላሳ ስድስት ተማሪ ነው የሚመጣው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ ክፍል ተማሪዎች ትልቁን ከተማ ሊጎበኙ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ጠዋት ተነስተው፣ ሙዚየሙንና ባቡር ጣቢያውን አይተው፣ ምሳ በልተው ሳይመሽ ይመለሳሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ "ምሳ የሚበሉበትን ቤት ማን ይፈልግ?" ሲባል ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ እዚህ እህት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሜ ትናንት መጣሁ። እህቴ በምትኖርበት መንገድ ላይ ያሉትን ሦስት ደህና ምግብ ቤቶች አሳየችኝ፤ የሦስቱንም የጠረጴዛ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ "እህቴ ናት" እያለች አስተዋወቀችኝ። ከዚያ አንዱን እንደምመርጥ አምና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እኔም መረጥኩ። ሰማያዊው በር ንጹሕ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ በደንብ ይቆለፋል፣ ከውጭ ደግሞ ልጅ ቢቆለፍበት በማንኪያ ጭራ ይከፈታል፤ ሞክሬዋለሁ። ቦታ ያዝኩ። መንገድ ላይ ወጥቼ ዞር ብዬ ሳየው ግን ቤቱ መውጫው አንድ ብቻ ነው። እሳት ቢነሳስ? ጋሼ ቀስበል ጋ ወጣሁ፤ እዚያ ሁለት በር አለ። ቦታ ያዝኩ። ስወርድ ደረጃውን ቆጠርኩት፤ ሃያ ሁለት ነው፣ ሰባተኛው ይነቃነቃል። አንዱ ቢገፈትር ሠላሳ ስድስቱም ተደራርበው አስፋልቱ ላይ ናቸው። ጓሮው ደረጃ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ እሳት ቢነሳ በየትም መሮጥ ነው። እሱንም ያዝኩት። ቢዘንብስ ብዬ ግን የቀድሞዎቹን አልሰረዝኩም።

"ከሦስቱ አንዱ ሌሊቱን ይቃጠላል፣ የአንዱ ውሃ ይቋረጣል፣ አንዱ ይተርፋል ብዬ ነው" አልኳት።

"እና ሌሊቱን ምን ሆነ?"

"ምንም።"

ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ትንሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ተወችው። እሳቱን ቀነሰችና ድስቱን ከደነችው። "አንቺ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡስሽ ላይ ወጥተሽ ትሄጃለሽ" አለችኝ። "እኔ ነገም በዚሁ መንገድ ነው የማልፈው። ሰው ሲያወራ የሷ እህት ናት ጉድ የሠራችን ነው የሚለው፤ ያንቺን ስም ማን ያውቀዋል?" ስሜን ማንም የማያውቀው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እህቴ እዚህ ስትኖር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር እሷ ወደኛ ትመጣለች፤ እኔ አንድም ቀን አልመጣሁም። አንዴ የመንገዱን ጠመዝማዛ ፈርቼ፣ አንዴ ልጄ ጉንፋን ይዟት፣ አንዴ ደግሞ አውቶቡስ ተገለበጠ ሲባል ሰምቼ፤ ያ አውቶቡስ የሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር። ትናንት ማታ አዲስ አንሶላ ስታነጥፍልኝ፣ ከማሸጊያው የወጣበት እጥፋት ገና አልጠፋም፣ "እንግዲህ የጠራሽ ትምህርት ቤት ነው" ብላ ነበር። ከዚያ በኋላም ስለ ነገው ምሳ አንድ ነገር አለችኝ፤ እኔ ስለዚያ ሰባተኛ ደረጃ እያሰብኩ "እሺ፣ እሺ" ብያታለሁ።

ወደ ሱቋ ወረድን። ወንበሮቹ አንድ ሳይቀሩ ተወስደዋል፤ የልብስ መኪናዎቹ ብቻቸውን ተደርድረው ሰው የሸሻቸው ይመስላሉ። እህቴ ጨርቅ የምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ቆመችና ጠመኔዋን ከጆሮዋ ጀርባ አወጣች። ሁለቱን ቤት መሰረዝ እንዳለብኝ እኔም ገብቶኛል፤ የቸገረኝ የቱን እንደምሰርዝ ነው። ሴትዮዋ ወንበር ተሸክመዋል፣ ጋሼ ቀስበል ጠረጴዛ አልብሷል፣ ልጅቷ ዱቄት አቡክታለች። "የቱን ልበል?" ስላት፣ ጠረጴዛው ላይ ረጅም አራት ማዕዘን ሠራች። "ይሄ ምሳሽ ነው" አለች። "ሦስት ሰው ባንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ ሲመጡብኝ ምን አደርጋለሁ መሰለሽ? ለሁሉም ሙሉ ቀሚስ አይወጣም። ላንዷ ሸሚዝ፣ ላንዷ ጉርድ፣ ላንዷ ሻርፕ።" ሁለት ቦታ ላይ መስመር አሰመረች። ሾርባና ዳቦ ሰማያዊው በር፣ ዋናው ምግብ ጋሼ ቀስበል፣ ጣፋጩ ጓሮው። "ልጆቹ በእግራቸው ይዞራሉ፤ መንገዱ እንደሆነ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።" መኪና ቢገጫቸውስ ልል አፌን ስከፍት ጠመኔውን ቀሰረችብኝ። "ደግሞ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም።"

ሰማያዊው በር ስንገባ ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ ሾርባው ደርሶ ቤቱን አውዶታል። ወንበሮቹ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፣ የእህቴ ሱቅ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሳይቀር። ተናገርኩ፤ ሦስት ቦታ መያዜን፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ሾርባውን ብቻ እንዲያቀርቡልን መፈለጌን፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። ሴትዮዋ ጭልፋቸውን ይዘው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ድስቴን ከፍተሽ አይተሽ፣ መጸዳጃ ቤቴ ድረስ ገብተሽ በማንኪያ ከፍተሽ ዘግተሽ፣ ከዚያ ሌላ ቤት ሄድሽ? ምን አገኘሽብኝ?"

"በርዎ አንድ ብቻ ስለሆነብኝ ነው።"

"በር ስንት ይሁን ታዲያ?"

"እሳት ቢነሳ ብዬ..."

"ሃያ ስምንት ዓመት እሳት ስለኩስ ከሽንኩርት በቀር ያቃጠልኩት የለም!" አሉ። እህቴን ዞረው አዩዋት፤ እህቴ ቃሏን ጠብቃ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ፊቷ ግን ቀልቷል፤ ሴትዮዋም አዩት መሰለኝ። ጭልፋውን አስቀመጡ። "ሥጋውን ለነገ ደንበኞቼ አቆየዋለሁ፤ ማቀዝቀዣ አለኝ" አሉ። "ግን አንድ ልንገርሽ፣ ከኔ ሾርባ በኋላ እዚያ ፎቅ ላይ የሚበላ ሆድ ከተረፈ እኔ አይደለሁም በይኝ።"

ጋሼ ቀስበልን ከልቤ ፈርቼው ነበር የወጣሁት፤ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ግድግዳውን ያዝኩ። እሱ ግን ገና ዶሮዎቹን እየተመለከተ ነው። መመልከት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል፤ ዶሮዎቹ ተደርድረዋል፣ እሱ ክንዱን አጣጥፎ ከፊታቸው ቆሟል። ነገሬን ስጨርስ ክንዱን ፈታ። "ሾርባ... የለም ማለት ነው?" አለ። የለም አልኩት። "ሰላጣ?" የለም። "ከምግብ በኋላ የሚበላውም?" እሱም የለም። ሰውዬው ሁለት እጄን ያዘ። "ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም" አለኝ። "እንዴት ይደርሳል ብዬ፣ ለሚስቴም መናገር አፍሬ... ሩዝና ዶሮ ብቻ ከሆነማ በሰባት ሰዓት ዝግጁ ነኝ።" እህቴ ከኋላዬ በአፍንጫዋ ስትስቅ ሰማኋት። ስንወርድ ጠርቶ መለሰኝና መዶሻና ምስማር ሰጠኝ፤ "ደረጃው ካስጨነቀሽ እስከዚያ ምቺው" ብሎ። ሰባተኛውን ደረጃ ራሴ መታሁት፣ አራት ምስማር፤ ስምንተኛውንም ለጥንቃቄ።

የከበደኝ ጓሮው ነው። ልጅቷ ከባሏ ጋር የከፈተችው ቤት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሷ ታበስላለች እሱ ያስተናግዳል፣ ዛሬ ደግሞ የዕረፍት ቀናቸው ነበር፤ ለኛ ብለው ነው የከፈቱት። መግቢያው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁመው በጠመኔ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ እንግዶቻችን" ብለው ጽፈውበታል፤ ዳር ዳሩን አበባ ስለውበታል። አንብቤው ልመለስ ዞር ስል እህቴ ጃኬቴን ከኋላ ያዘችው። ልጅቷ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ነገርኳት። ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ ሰማችኝ፤ ይሄ ባሰ። ባሏ "እና ሰሌዳውን ላጥፋው?" ሲል ድምፁ ወረደ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "ኧረ እንዳታጠፋው" አልኩት። "ልጆች ከጉዞ ተመልሰው እናታቸው ምን በላችሁ ስትላቸው ሾርባ አይሉም፤ መጨረሻ ላይ የበሉትን ነው የሚያወሩት። ልጅ ስላለኝ አውቃለሁ። ሾርባና ዶሮ በልተው እዚህ ሲደርሱ አይቸኩሉም፣ ይቀመጣሉ። ታላላቅ እንግዶች የሚሆኑት እዚህ ነው።" ልጅቷ ባሏን አየችው። "ኬኩን በሁለት ፎቅ ላድርገው?" አለች። ስንወጣ እህቴ "አሁን ይህን ከልብሽ ነው?" አለችኝ። ከልቤ ነበር።

አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ፤ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ጥግ ላይ ቆሜ ገደል ሲገባ እያየሁት ነበር። በሰላም ወረዱ። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አምስት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አምስት። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል መምህሩ ትከሻዬን ነካ አደረገና የጎደለችውን አሳየኝ፤ የራሴ ልጅ ናት፣ እኔ እንዳላያት ጓደኞቿ ጀርባ ጎንበስ ብላለች። "እማ፣ በናትሽ ጮክ ብለሽ አትቁጠሪ" አለችኝ። ሰማያዊው በር ገብተው ሾርባውን ፉት አሉ፣ ዳቦውን ጠረጉ፤ ሴትዮዋ በየጠረጴዛው እየዞሩ "ጨምሪ እንጂ፣ ያ ፎቅ ላይ ያለው እኮ አያጠግብም" ይላሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርገን መንገድ ስናሻግራቸው መኪኖች ሁሉ ቆሙልን፤ አንድ ባለ ታክሲ ከነተሳፋሪው እጁን ሲያውለበልብ ቀረ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ላይ ናቸው፤ እኔ ሰባተኛው ላይ ቆሜ እያንዳንዱን በክርኑ ይዤ አሳለፍኩ። ጋሼ ቀስበል የገባውን ሁሉ "ቀስ በል" ሲል፣ ልጆቹ ስሙን ሳያውቁ ከሁለተኛው ጠረጴዛ ጀምሮ ባንድ ድምፅ አብረውት ይሉት ጀመር፤ እሱም ደስ ብሎት ደጋገመው። እኔ አጥንት እንዳይውጡ ከልጅ ልጅ እሮጣለሁ። መምህሩ "አንቺም ተቀመጪ እንጂ እህቴ" ይላል፤ ማን ይቀመጣል?

ጓሮው ስንደርስ የፈራሁት አንዱ ነገር መጣ። ዘነበ። ኬኩ ተቆርጦ፣ ሁሉም ሳህኑን እንደያዘ፣ ባንዴ ወረደ። ሠላሳ ስድስት ልጅ እየጮኸ ሲነሳ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ፤ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የተሳለው አበባ ሲንጠባጠብ አያለሁ። እህቴ ግን የአንዱን ጠረጴዛ ልብስ ጎትታ አወጣችና አራት ልጆች በአራት ጫፍ አስያዘቻቸው። "ስፌቱን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አይተረተርም፣ ወጥሩ!" አለች። ወዲያው ጓሮው በሙሉ የጨርቅ ጣሪያ ሆነ፤ ከየጣሪያው ሥር ልጆች ተኮልኩለው ኬክ ይበላሉ፣ መሀሉ ውሃ አቁሮ ሲከብድ ባንድ ላይ ወደ ላይ ገፍተው ይደፉታል፣ ይስቃሉ። ልጅቷና ባሏ በዝናቡ መሀል ሳህን ያድላሉ፤ ጠዋት የወረደው ድምፁ ተመልሶ "ማን ቀረ? ማን ይጨመርለት?" ይላል። መምህሩ ከአንዱ ጨርቅ ሥር አጮልቆ "ሦስት ምግብ ቤት፣ ሦስት ዓይነት! እንዴት አሰብሽው?" አለኝ። እህቴን አየኋት፤ እሷም እኔን። "በእቅድ ነው" አልኩት። "ለከርሞም አንቺ ነሽ" አለኝ።

ዝናቡ ሲያባራ እህቴ ሹልክ ብላ ሄዳለች። ሥራ አላት ብዬ አለፍኩት። አሥር ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ተነሳ ተነሳ ይላል፤ ልጆቹ ተሳፈሩ፣ ቆጠርኩ፣ በልቤ፣ ሠላሳ ስድስት። ልጄ ከጎኗ ቦታ ይዛልኛለች። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ ሆዴ ጮኸ፤ ሾፌሩ እስኪሰማው ድረስ። ለካ ከጠዋቱ ሻይ ወዲህ አፌ ውስጥ የገባ ነገር የለም። ሦስት ቤት ስዞር ውዬ አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም። ሆዴ ነው ያስታወሰኝ፤ ያቺ ትንሽ ድስት። የሁለት ሰው ድስት ናት። ትናንት ማታ አንሶላውን እያነጠፈች ያለችኝ ቃል በቃል መጣልኝ፦ "ነገ ልጆቹን ካበላሽ በኋላ ምሳ ከኔ ጋር ነሽ፣ እጠብቅሻለሁ።" እኔ ደግሞ "እሺ፣ እሺ" አልኳት። ከሦስቱ ሌላ ለአራተኛ ሰውም እሺ ብያለሁ ማለት ነው።

እግሬን መልሼ አወረድኩ። "አክስትሽ ጋ ምሳ ተቀጥሬያለሁ" አልኳት ልጄን። "ነገ እመጣለሁ።"

"በአሥር ሰዓት ምሳ? እና እኔ ብቻዬን ልሄድ ነው?" አለች፤ ደስታዋን ልትደብቅ ብትሞክርም ጥርሷ አጋለጣት። "እጅሽን በመስኮት እንዳታወጪ፣ ቀበቶውን እሰሪ፣ ጠመዝማዛው ጋ ስትደርሱ እንዳትቆሚ፣ ስትደርሺ ደውዪ፣ ከመድረስሽ በፊትም..." እያልኩ ሳለ ሾፌሩ በሩን ዘጋው። በመስታወቱ ውስጥ ሠላሳ ስድስቱም "ቀስ በል! ቀስ በል!" ሲሉት አያለሁ። እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። ከታጠፈ በኋላም ትንሽ ቆየሁ።

አራት ፎቅ ወጣሁ። እህቴ ስትከፍት ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም፣ ከዚያ ከኋላዬ ደረጃውን አየች። "አውቶቡሱ ተበላሸ እንዴ?"

"ሄደ።"

"ልጅሽስ?"

"እሷም ሄደች።"

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተደፍቶ ተቀምጧል፣ ሁለት ብርጭቆ፣ እንዲሁም ገና ጠርዙ ያልቆሸሸ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ። ድስቱ በፎጣ ተጠቅልሏል። "ሦስት ጊዜ አሞቅኩት" አለች፤ ፎጣውን ስትፈታ ወደኔ አትመለከትም። "በልተሽ ነው የመጣሽው፣ ለይሉኝታ እንዳትቀመጪ።" ሳህኔን ገለበጥኩና ተቀምጬ ነገሬን ሁሉ ትቼ በላሁ። ጨመረችልኝ፤ በላሁ። እንደገና ጨመረችልኝ። ያን ጊዜ ነው ጠዋት የተወችው ሳቅ የመጣባት፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ "በማንኪያ ጭራ ከፍተሽ ዘግተሽ!" እያለች። እኔም ምግቡ ትን እስኪለኝ ሳቅኩ፤ ትንታውንም አልፈራሁትም።

ብርጭቆዎቹን ስታነሳ፣ "መምህሩ ለከርሞም አንቺ ነሽ ያለሽ የምሩን ነው?" አለችኝ።

"የምሩን ነው። ግን ከርሞን ማን ይጠብቃል? ለበዓል እረፍት እመጣለሁ፤ ከልጄ ጋር። ቦታ ያዢልኝ።"

ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። "አንድ ቦታ ብቻ?" አለች። "ቤቱ እኮ በሩ አንድ ነው፣ ደረጃው ሰማንያ ስምንት ነው።"

"አንድ ይበቃኛል" አልኳት፣ ሳህኔንም ለአራተኛ ጊዜ ዘረጋሁላት።